ዲኬይ የተጻፈበት እንጨት

መስከረም 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤ የረገጥከው መሬት አይክዳህ፣ የጨበጥከው እጅ አይጣልህ።

እንደምን ከረምክ? እኛ ከጉልበቴና ከልጄ ጠባይ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይከዳኛል፤ ልጄ ደግሞ ሰው የተቃወመው ቀን። ሰፈሩ «መዶሻ» ብሎ የሰየመው አናጢ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልህ።

እንጨቱ ደርሷል። ልጄ አንተ ካስተዋወቅከው የባሕር ማዶ አለቃህ የገዛው የአሮጌ ቤት እንጨት ግቢያችንን ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶታል። ሰው ጉድ ይላል። ወፍራም ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ደርቆ የመጣ ስለሆነ አይጣመምም። በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎበታል። መድኃኒት ሻጩን ብንጠራው «ዲኬይ» ብሎ አነበበልን። ምን ማለት ነው ቢሉት «የጥርስ ቃል ነው» አለ። ሰዉ ሳቀበት። «ለጥርስ የበጀ ለጣሪያማ እንዴት አይበጅ!» ተባለና የእንጨቱ ስም ሆኖ ቀረ። አሁን ከሩቅ ሰፈር ሁሉ «ዲኬይ አለ?» እያሉ ይመጣሉ። ልጄ በሩ ላይ «እውነተኛው ዲኬይ እዚህ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ጎረቤቴ የዲኬይ አልጋ አሠርታ፣ እንዳይቆሽሽ ብላ ሳትተኛበት ሰው ታስጎበኛለች።

ትልቁ ሥራ ግን የስፌት አዳራሹ ነው። ሴቷ ልጄ፣ እህትህ ቀጮ፣ የምትሰፋበት ያ ሰፊ ቤት አሮጌው ጣሪያ ተነሥቶለት በዲኬይ እየተሠራ ነው። ምሰሶውም ወራጁም ዲኬይ ነው። በላዩ የሸክላ ክዳን ይለብሳል። ቀጮ «ዝናብ ከእንግዲህ ጨርቄ ላይ አይዘንብም» ብላ ደስ ብሏታል።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኛል። ከባለቤቴ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ዋና አናጢ «እመቤት፣ ምስማሩ ሳያስለፋ ይገባል፤ አልወደድኩትም» አለኝ። ልጄ ከኋላው ቆሞ ሰምቶት ኖሯል። በያዘው ጣውላ ጆሮ ግንዱን አለው። የሰውየው ደም በመላጊያው ላይ ተንዠቀዠቀ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጆሮውን በጨርቅ ይዞ ሥራውን ቀጠለ። አሁን በዚያ ጆሮው አይሰማም። ለጠየቀ ሁሉ «ሥራ ላይ ያጋጥማል» ተብሎ ታለፈ፤ እኔም ለጠየቁኝ እንደዚያው አልኩ።

እስቲ አንተ በቋንቋው አገር ነህና ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጻፍልኝ። ከተረፈህ የጉልበት ቅባት ላክልኝ፤ ካልተረፈህ ቃሉ ይበቃኛል።

አክስትህ


ጥቅምት 24

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎንም ያጽናልኝ።

ደብዳቤዎን ቆሜ አንብቤ ስጨርስ ተቀመጥኩ። ቅባቱን ልኬያለሁ። ቃሉ ግን ይቀድማል፤ የሚያስቸኩል ነገር ነውና።

ዲኬይ ማለት መበስበስ ነው።

እኔ ይህን ቃል ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ሥራዬ ቤት ማፍረስ መሆኑን ያውቃሉ። አሮጌ ቤት እንገባለን፣ ግድግዳውን በድጅኖ እንንዳለን፣ ደህናው እንጨት ተለይቶ ይሸጣል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ፎቅ ላይ ነበርን። በቀይ የተጻፈበትን ወራጅ ረገጠ። እንጨቱ እንኳ አልተሰበረም፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ሰውየው እስከ ምድር ቤት ወረደ፤ ከታች ቆሞ የነበረ ፌሮ ጭኑን በስቶ ወጣ። እሱ ከታች ሲጮህ አለቃችን አንገቴን አንቆ ፊቴን ከቀዩ ጽሑፍ ጋር አጋጨኝና «ዲኬይ! ዲኬይ!» እያለ ጮኸብኝ። ምራቁ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንዲህ የተማሩት ቃል አይረሳም።

መድኃኒት ሻጩ አልዋሸም፤ ለጥርስም ይሉታል። ለሬሳ ይሉታል፣ ሰው ጥሎት ለሄደ ከተማም ይሉታል። ነገር ግን ወድቆ ላለቀ ነገር ብቻ የሚባል አይደለም። ይልቁንም ቆሞ እየታየ ከውስጥ እየተበላ ላለ ነገር ነው። ተቆጣጣሪው እንጨቱን በወስፌ ይወጋዋል፤ ወስፌው ዘው ካለ በቀይ ይጽፍበታል፣ እኛም ለማገዶ እንለየዋለን። ስንጠግን ደግሞ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ ማቆም የለም። ወደ ጤነኛው አልፎ መቁረጥ ነው። ትንሽ ከተረፈ አዲሱንም ይበላዋል።

ለወንድሜ ለመዶሻ እንጨቱን የመረጥኩለት በገዛ እጄ ነው፤ በአንዱም ላይ ቀይ አልነበረም። የተጻፈበት እንዴት ከእናንተ ግቢ እንደ ገባ አለቃዬን እጠይቃለሁ። እስከዚያው ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት። ሥራውን ያቁም፣ የሠራውንም ያውርድ። ቀጮ ከዚያ ጣሪያ ሥር ትውጣ። ሳያውቅ የሠራው ስለሆነ ካወቀ ያፈርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤ ሰላምህ ይብዛ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ነበር፤ ውሃ ተደፋበትና ቀለሙ ፈሰሰ። የተነበበው ሰላምታህ ብቻ ነው። እስቲ ቃሉን ብቻ፣ በእንግሊዝኛው ፊደል፣ ተለቅ አድርገህ ጻፍልኝ። እጄን ትንሽ ወለም ስላለኝ የምትጽፍልኝ ቀጮ ናት። ፊደሏ እንደ ስፌቷ ቀጥ አይልም፣ ታገሣት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ቃል ስለ ሰውም ይባላል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ቅባቱ ደርሷል፣ ተባረክ። ሌላ ምንም አትላክ።

አክስትህ

ወንድሜ፣ ይህን እናቴ ሳታይ ነው የምጨምርልህ። ደብዳቤህ ላይ የተደፋ ውሃ የለም። እሷ ተቀምጣ ለመዶሻ አነበበችለት። «የሠራውንም ያውርድ» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇን ከነወረቀቱ ያዘና ጠመዘዘው። ሲሰበር ከጓዳ ሰማሁት። ከዚያ ወረቀቱን ቀዳደደና አፏ ውስጥ ጠቀጠቀው። እስክትውጠው ድረስ አገጯን ጨምድዶ ይዟት ነበር። እኔ ልገላግል ብገባ በር ላይ ወርውሮኝ ግንባሬ ተሰነጠቀ።

በማግስቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ቀዩን ጽሑፍ በሙሉ በመላጊያ አስፋቀው። እንጨቱን አላወረደም፣ ቃሉን ብቻ። «አሁን ምን ተጽፎበታል? ምንም!» አለኝ። አዳራሹ አልቆ ገብተንበታል። እናቴ ውጪ ትለኛለች። ብወጣ የት እሰፋለሁ? ጓደኞቼ ደግሞ እጇን አይተው «ከወንድ ልጇ ተጣልታ ነው ሥራውን የምታጥላላው» ይላሉ። እኔም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ማመን ይቀለኛል።


የካቲት 6

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ፤ የተሰበረውን የሚጠግን ፈጣሪ እጅዎን ይጠግንልኝ።

ምን ያህል እንደ ዘገየሁ አውቃለሁ። ታስሬ ነበር።

አለቃዬን ጠየቅኩት። ሳቀ። «ዘመድህ ራሱ ነው የጠየቀኝ» አለ። እኔ የመረጥኩለትን ትቶ ቀይ የተጻፈበትን፣ ለማገዶ የተጣለውን፣ በማጓጓዣው ዋጋ ብቻ እንዲሰጠው ለምኖት ነበር። አለቃዬ ምን ማለት እንደሆነ በአስተርጓሚ አስረድቶታል። የመዶሻ መልስ «ለኛ ይሆነናል» ነበር። ይህን ነግሮኝ አፉን ቢገጥም ኖሮ ምንም ባልሆነ፤ ግን «እናንተ ምን ይጎዳችኋል» ብሎ ጨመረ። በቡጢ መታሁት። ወደቀ፤ ወድቆም ደገምኩት። ከአፉ የረገፈው ጥርስ ጣቴ ላይ ተሰክቶ ነው ፖሊስ የያዘኝ። ሥራዬም እዚያው ላይ አበቃ። በዘራችን እጅ ከምላስ ይቀድማል ይሉ የለ፤ እኔ ከመዶሻ የምሻል ይመስለኝ ነበር።

የቀጮን ጽሑፍ አንብቤያለሁ፣ አይቆጧት።

ቃሉን ከዚህ በታች በቀይ፣ የገጹን ግማሽ አድርጌ ጽፌልዎታለሁ። ስለ ሰው ይባላል ወይ ላሉኝ፣ አዎ አክስቴ፣ ይባላል። ስለ ሰው ጠባይ ይሉታል፣ ስለ ቤተሰብም ይሉታል። በአንድ ቀን ለተሰበረ ሰው ግን አይሉትም። ውሃ ሳይታይ ገብቶ ዓመት በዓመት ለበላው ነው።

ዝናብ ከመጣ ሸክላው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ከዚያ በፊት መውረድ አለበት። ማንም ጣሪያው ላይ ወጥቶ እንዳይነካው፤ ይዞት ይወርዳል። የመሃሉን ምሰሶ በረጅም ገመድ አስሮ ከውጭ መጎተት ነው። እሱ ከሄደ ሌላው ይከተለዋል። ከሥሩ ግን ማንም እንዳይኖር።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤ ፈጣሪ እጅህን ይሰብስብልህ፣ ልብህንም አብሮ።

እጄ ድኗል፣ ትንሽ ቢጣመምም። አንተ ግን ምን ነካህ? ለኔ ብለህ የሰው ጥርስ አራገፍክ! እዚህ አንድ ደብዳቢ ይበቃኛል፤ በባሕር ማዶ ሌላ እንዳለኝ ደግሞ አላውቅም ነበር።

የላክልኝን ቃል ምን እንዳደረግኩት ልንገርህ፤ ሳቅ ካማረህ ሳቅ። አናጢው ቀይ ቀለም በቆርቆሮ አመጣልኝ። ሴቶቹ ከመግባታቸው በፊት በጠዋት አዳራሹ ገብቼ፣ ወረቀትህን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ፊደሉን እያየሁ በየምሰሶው ላይ ቀዳሁት። በዚያች በተሰበረች እጄ! አንዱን ፊደል ገልብጬው እንደገና ጻፍኩት። ካዩት ይሸሻሉ ብዬ ነበር። ሴቶቹ ገቡ፣ አዩ፣ እልል አሉ! «ተፍቆ የመጣው የውሸት ነው ሲሉን ነበር፤ ይኸው እውነተኛው ዲኬይ ነው!» እያሉ ምሰሶውን ሳሙት። የአዳራሹ ባለቤት ፎቶ አነሣው። አብሬያቸው ላልቅስ ወይስ ልሳቅ ግራ ገባኝ። «በስብሷል ማለት ነው፣ ይገድላችኋል!» ብዬ ጮኽኩ። ክንዴን ይዘው «እማማ፣ ከልጅዎ ይታረቁ» እያሉ በር ድረስ ሸኙኝ።

መዶሻ ሰማ። ቤት መጥቶ ሁለት ጥርሴን አወለቀው። እነሱ እንኳ ድሮም ዲኬይ ነበሩ፣ አትዘንላቸው።

ስለ ሰው ይባላል ያልከኝን ግን አልወደድኩትም። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም ብልህ አልዋሸሁም። አባቱ እኔን ሲደበድብ ልጄ ከአልጋ ሥር ሆኖ ያይ ነበር። ጠዋት ፊቴን አይቶ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ወድቄ ነው» እለው ነበር። ዓይኑ እያየ እኮ! ውሃው በዚያ ገብቶ ይሆን?

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። አንድ ሸክላ ወርዶ ከቀጮ አጠገብ ያለችውን ሴት ትከሻ ሰበረ። የመሃሉ ወራጅ እንደ አሮጌ አልጋ ሰርጉዷል። ወንድ ልጄን ከውርደት ለማዳን ብዬ ሴት ልጄን መግደል አልችልም፤ እሷ ከሥሩ ተቀምጣ ትሰፋለች። አናጢው ገመድ አለው። በዕረፍታቸው ቀን አዳራሹ ባዶ ሲሆን እንጎትተዋለን። ምንም አትላክልኝ፣ ጸልይልኝ ብቻ።

አክስትህ


መጋቢት 25

ይድረስ ለአክስቴ።

ጤናዎን እንኳ ሳልጠይቅ ይቅር ይበሉኝ። ምን ሆነ? ጎተታችሁት? ቀጮ የት ናት? መዶሻ ቀኑን እንዳይሰማ። ከሰማ አይቀርም፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ እኔ ብሆን አልቀርም ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።


ሚያዝያ 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤ እንደምን አለህ?

ቀጮ በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምኩት ተቀምጠህ እንድታነብ ነው።

በዕረፍታቸው ቀን ጠዋት ሄድን። አናጢው ገመዱን ከመሃሉ ምሰሶ አስሮ በበሩ አወጣውና እስከ መንገዱ ዘረጋው። ቀጮ መጣች። ሸክላው ከወደቀ ወዲህ ነገሬን ያመኑ ጥቂት ሴቶችም መጡ። እኔ ከፊት ያዝኩ። «እንግዲህ በሉ» ልል አፌን ስከፍት መዶሻ ደረሰ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም፤ በዚህ ሰፈር ወሬ እግር አለው።

ከሱቁ እየሮጠ ነው የመጣው፣ መዶሻው በእጁ ነው። አንድም ቃል ሳይናገር የአናጢውን እጅ ከነገመዱ መታው። የሰውየው ጣቶች ሲደቁ ሰማሁ። ቀጮ መሃል ብትገባ ሆዷን በእግሩ ብሏት መንገዱ ላይ ተዘረረች። እኔን አልመታኝም። አየኝና ወደ አዳራሹ ገባ። ከምሰሶው ጎን ቆመ፤ እኔ የጻፍኩት ቀይ ከትከሻው በላይ ይታያል። «ጎትቺ!» አለኝ። «እናቴ ከሆንሽ ጎትቺ!»

አልጎተትኩም። የልጄ እግር ከዚያ ምሰሶ ሥር እያለ እንዴት ልጎትት? ገመዱን ጣልኩት። ሴቶቹም ጣሉት። «ይኸው ትቼዋለሁ፣ ና ውጣ» አልኩት። «ና ልጄ፣ ይቅር፣ ቤት እንሂድ» አልኩት። ስለምነው ሳቀብኝ። «ይህን ነው የፈራችሁት?» አለና ምሰሶውን በመዶሻው መታው። ዱቄት ቦነነ። «ውጣ!» ብዬ ጮኽኩ። ደግሞ መታው። በሦስተኛው መዶሻው ምሰሶው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሊነቅለው በሁለት እጁ ያዘው። ያን ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሲያውቅ የኖረውን ነገር ያን ጊዜ ያመነው መሰለኝ። ትቶት መሮጥ ይችል ነበር። እሱ ግን መዶሻውን አልተወም፤ ጎተተው።

እኔ ያልጎተትኩትን እሱ ጎተተው። ምሰሶው ወገቡ ላይ ተሰበረ። ወራጁ ወረደ፣ ሸክላው ሁሉ ተከተለው።  ከዚያ አቧራ ብቻ ሆነ። የስፌት መኪናዎቹ እንኳ ከሥሩ ጠፉ።

ልጄን ያወጣው አናጢው ነው። በአንድ ጆሮው የማይሰማው፣ ጣቶቹ የደቀቁት ሰውዬ በትከሻው እየገፋ ወራጁን አነሣለት። ወደ ሐኪም ስንወስደው መኪናው ውስጥ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ደረቱ ገብቷል። ሊናገር ይፈልጋል፣ አፉ ግን በእንጨት ዱቄት ተጠቅጥቋል። በጣቴ እየጠረግኩ አወጣሁለት፣ አወጣሁለት፣ አያልቅም። ሐኪሙ ጋ ሳንደርስ ዝም አለ።

ቀጮ ሦስት ቀን ደም ፈሰሳት፤ አሁን ተነሥታለች፣ ቤት ተቀምጣ ትሰፋለች። አናጢው ከእንግዲህ መጋዝ አይዝም። ልጄ የቤቱን ሸክም ጭኖ የሄደው እነሱ ላይ ነው።

ሰፈሩ አሁን ቃሉን በደንብ ተምሮታል። ጎረቤቴ ያን አልጋ ራሷ በመጥረቢያ ከትክታ አነደደችው። ሰዎች ሲጣሉ «አንተ ዲኬይ!» ይባባላሉ። ስለ ልጄም ይሉታል። ሊያስተዛዝኑኝ መጥተው ከበሩ ሳይርቁ ሲሉት ሰምቻለሁ። አልተቆጣሁም፤ ሊገድላቸው የነበረን ሰው ምን ይበሉት? ያሉት ሁሉ እውነት ነው። መትቶኛል፣ ሰብሮኛል፣ እህቱን ለገንዘብ ብሎ ከሞት ሥር አስቀምጧታል።

ግን ልንገርህ። አፉን ስጠርግለት ጥርሱን አየሁት። ልጅ ሳለ እንዳይበላው እያልኩ ጠዋት ማታ በጨርቅ የምጠርግለት እኔ ነበርኩ፤ ጣቴን ይነክሰኝና ይስቅ ነበር። ሁሉም እዚያው ነበሩ። ነጭ፣ ሙሉ፣ አንድም የተበላ የለ።

እንግዲህ ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቅባትም ገንዘብም አይደለም። ያን የጠየቅኩህን መልሰህ መልስልኝ። ስለ ሰው አይባልም ብለህ ጻፍልኝ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ብቻ ተለቅ አድርገህ ጻፈው።

አክስትህ